ከክብሪት ቀፎ የሠራሁት አልጋ

«አልጋውን አውጪልኝ ብዬሽ አልነበረም?» አለችኝ።

ሰላምታ የለ፣ እንዴት ነሽ የለ። ጉርድ ሾላ አንድ የቤት መሸጫ ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነኝ፤ አቅፌ ያመጣሁትን ትልቅ ካርቶን ጠረጴዛ ላይ ላሳርፍ ጎንበስ ስል፣ መወልወያ ይዛ ኮሪደሩ ላይ የቆመች የጽዳት ሠራተኛ ፊቴን አየችና እንዲህ አለች። ሰማያዊ ሽርጥ፣ የላስቲክ ቦቲ፣ እስከ ቅንድቧ የወረደ ሻሽ። መልኳን አላወቅኩትም፤ ድምፅዋን ነው ያወቅኩት። «እትዬ ማርታ?» አልኩ። መወልወያዋን ባልዲ ውስጥ ነከረች። ጸሐፊዋ ከመስታወቱ ጀርባ ብቅ ብላ «አንዴ ጠብቂ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው» አለችኝና ተመለሰች። ተቀመጥኩ። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ገና ያልተሠራ ባለ አሥራ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ነው፤ ከወረቀት የሠራሁት እኔ ነኝ። እንጀራዬ ይሄ ነው። ሰው ገና መሬት ላይ የሌለ ቤት እንዲገዛ ቤቱን አሳንሼ አሳያለሁ። የዛሬው ማጣበቂያ አፍንጫ ይወጋል። የድሮው የተቀቀለ ዱቄት ነበር፤ ሲሸት የሚያስርብ።

እትዬ ማርታ የጠየቀችኝ አልጋ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው።

ያኔ የምንኖረው ከሾላ ገበያ ጀርባ፣ ወደ ወንዙ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነበር። የላይኛው ቤት ወለል ከታችኛው ቤት ጣሪያ ጋር እኩል ነው፤ ከላይ ያለ ሰው ውኃ ሲደፋ ከታች ያለው ይሳደባል፤ ማታ ታርቀው አብረው ይበላሉ። እናቴ ገበያው ውስጥ ቅመም ትሸጥ ስለነበር ዩኒፎርሜ ሁሉ አብሽ አብሽ ይል ነበር፤ ክፍል ውስጥ ስሜ ሰሚራ መሆኑን የሚያስታውስ አልነበረም፤ «አብሽ መጣች» ነበር የምባለው። አባቴ የመገናኛ ታክሲ ይነዳል፤ የታክሲ ዋጋ ገና በሳንቲም መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ነው። ከሰፈሩ መግቢያ ላይ ዘፈን በሚሞሪ የሚጫንበት ሱቅ ነበር፤ ድምፅ ማጉያውን በር ላይ አውጥቶ አንዱን ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ይለቀዋል፤ ዛሬም ያን ዜማ ታክሲ ውስጥ ስሰማ የቦንቦሊኖ ዘይት ይሸተኛል፤ ከሱቁ አጠገብ ቦንቦሊኖ ይጠበስ ነበርና። እግር ላይ የተጣበቀ ጂንስ የለበሰች ሴት በዚያ መግቢያ ስታልፍ የገበያው ተሸካሚዎች «ሱሪውን ሰፍተውብሽ ነው እንዴ?» ይሏታል። እኔ ደግሞ የማላርፍ ነበርኩ። ቤት ውስጥ አምስት ደቂቃ ከተቀመጥኩ የሆነ ነገር እሰብራለሁ። እናቴ «ሂጂ፣ ለጋሽ ተማም ወረቀት ያዥላቸው» እያለች ታባርረኝ ነበር።

ጋሽ ተማም ማተሚያ ቤት ሠላሳ ዓመት ወረቀት መቁረጫ ላይ የሠሩ፣ ጡረታ የወጡ፣ የግራ ሌባ ጣታቸው ጫፍ መቁረጫው ላይ የቀረ ሰው ነበሩ። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ለኬክ ቤቶች ካርቶን እያጠፉ ይሸጣሉ፤ በተረፋቸው ጊዜ ግን የሚሠሩት ሌላ ነው። የአልጋ ርዝመት ያለው አውሮፕላን ከወረቀት ሠርተው ኮርኒሱ ላይ ሰቅለው ነበር፤ በሩ ሲከፈት ክንፉ ይወዛወዛል። እኔን ያስተማሩኝ በትዕግሥት አይደለም። «እጅሽ ይቸኩላል፤ እጅሽን አስሪው» ይሉ ነበር። ቤት ለመሥራት ስነሳ ግድግዳ ቆርጬ አቆምኩ፤ ወደቀ። «እንደሱ አይደለም» አሉ። «ቤቱን እንደ በግ ግፈፊው። ቆዳው መሬት ላይ ሲነጠፍ ምን ይመስላል? መጀመሪያ እሱን ሳዪ።» ከዚያ ወዲህ የማየውን ቤት ሁሉ በዓይኔ መግፈፍ ሆነ ሥራዬ። አራቱ ግድግዳ ተዘርግቶ፣ ጠርዙ ላይ ማጣበቂያ የሚቀባበት ትርፍ ተትቶለት። የሚታጠፈውን መስመር ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ እንጫነዋለን፣ ከዚያ ያለ ክርክር ይታጠፋል። ጣሪያውን ለመሥራት የፓስታ ካርቶን ውኃ ውስጥ እንነክርና የላይኛውን ሽፋን እንልጠዋለን፤ ከውስጥ የሚወጣው ሽብሽብ ወረቀት ቁርጥ ቆርቆሮ ነው። ዝገቱን በሻይ እንቀባዋለን። ማጣበቂያውን አይጥ እንዳይበላው ሬት ይጨምሩበት ነበር፤ ጣቴን ረስቼ ከላስኩት እስከ ማታ ምራቄ ይመራል።

ሰፈሩ ይነሳል የተባለ ዓመት ነው ጋሽ ተማም ሙሉ ሰፈሩን እንሥራው ያሉት። መጀመሪያ ግን እንጦጦ ወሰዱኝ። ጠዋት ተነስተን በእግራችን ሽቅብ ወጣን፤ ኪዳነ ምሕረት አካባቢ ስንደርስ ጉልበታቸው አልቆ ባሕር ዛፉ ሥር ተቀመጡ። «በይ፣ ቤታችንን አሳዪኝ» አሉ። አጣሁት። ከተማው ከታች ተዘርግቷል፤ የሾላ ገበያን ትልልቅ ጣሪያዎች በመከራ ለየሁ፤ ከሱ ወደ ወንዙ ስወርድ ያለው የዛገ ነገር ብቻ ነው፣ አንድ የተጣለ ጨርቅ የሚመስል። «የለም» አልኩ። «አለ እንጂ» አሉ፤ «ሰፈሩን የሚያነሱት ሰዎችም ካርታው ላይ የሚያዩን ከዚህ ከፍታ ነው። ጎንበስ ብለው እንዲያዩን ማድረግ አለብን።» ሐሳባቸው ይሄ ነበር። ስለ መነሳታችን በሚጠራው ስብሰባ ላይ ሰፈሩን ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጠዋለን፤ ማን ከማን ጋር ግድግዳ እንደሚጋራ፣ የማን በር ወደማን እንደሚከፈት ያያሉ፤ ምናልባት ሲያዛውሩን አንድ ላይ ያደርጉናል። ከዚህ የበለጠ አልጠየቅንም።

መለኪያችን የኔ እርምጃ ነበር። ሴት ልጅ ስለሆንኩ የማንም ጓዳ ድረስ እገባለሁ፤ ሴቶቹ አይሸሸጉኝም። ሦስት እርምጃዬ በአንድ የክብሪት እንጨት ርዝመት ተቆጠረ። እየቆጠርኩ እጽፋለሁ፣ ጋሽ ተማም በሒሳብ ደብተር ላይ ቤቱን ይገፍፉታል፣ እኔ እቆርጣለሁ። አሥራ አንድ ቤት ከጨረስን በኋላ ነው ጉዱ የታየው። የሐጂ ኑረዲን ቤት የቤተ መንግሥት ያህል ወጣ፤ ሐጂ መጥተው አዩና ጢማቸውን እየዳበሱ «አላህ ያሰፋልሽ!» አሉ። ጎረቤታቸው ደግሞ «የኔን ቤት ምነው ዶሮ ቤት አደረግሽው? ምን በደልኩሽ?» ብላ ጮኸችብኝ። ነገሩ ለካ ቁልቁለቱ ነው። ሽቅብ ስወጣ እርምጃዬ ያጥራል፣ ስለዚህ ቁጥሩ ይበዛል፤ ቁልቁል ስወርድ እየረዘመ ቁጥሩ ያንሳል። ጋሽ ተማም አሥራ አንዱንም ቤት በእጃቸው ጨፈለቁት። አለቀስኩ። «አልቅሺ» አሉ፤ «ስትጨርሺ ያን ሲባጎ አምጪ።» ሲባጎውን በየክንዱ ቋጥረው ሰጡኝ፤ ሰፈሩን እንደገና ለካሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልክ ያልሆነ ነገር ማየት ያመኝ ጀመር። አንድ መስኮት ብትጎድል እንቅልፍ አይወስደኝም። የየቤቱን ጣሪያ የሚነሳ አደረግኩት፤ ጣሪያውን ብድግ ስታደርገው ክፍሉ፣ መደቡ፣ ቁም ሣጥኑ ይታያል። ጋሽ ተማም ይሄን አላሰቡትም ነበር፤ የራሴ ነው። በሱ እኮራ ነበር። ሰፈሩ ሲያልቅ በአሥራ ስድስት ችፑድ ላይ የተከፋፈለ፣ ሲገጣጠም የጋሽ ተማምን ክፍል ግድግዳ ለግድግዳ የሞላ ሆነ፤ እሳቸው ሁለት ወር ሙሉ በረንዳ ላይ ተኙ።

እትዬ ማርታ የምትኖረው በሐጂ ኑረዲን ግቢ ነው። ከሆሳዕና የመጣች፣ ልብስ በማጠብ የምትተዳደር፣ ሳቂታ ሴት ነበረች፤ ዓይናቸው የማያይ እናቷን ይዛ። ክፍሏ በሐጂ ቤትና በአጥሩ መካከል ያለው መተላለፊያ ላይ ቆርቆሮ ጣል ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ፋይል የለው፣ ቁጥር የለው። ሊለኩ የመጡት ሰዎች ሲጠይቁ ሐጂ «ማድ ቤት ነው» አሏቸው፤ ማድ ቤት ተብሎ ተጻፈ። እሷንና እናቷን ደግሞ «ቤተሰቦቼ ናቸው፣ ከኛው ጋር ነው የሚኖሩት» ብለው አስመዘገቧቸው። ማርታ ስትባል የሚመዘግበው ሰውዬ ቀና ብሎ ሐጂን አየ አሉ፤ ሐጂም «በሚስቴ በኩል ነው» አሉት። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ሰፈሩ ሁሉ ዝም አለ። ለሐጂ ምትክ ቤት ሲሰጥ አንዷ ክፍል የነማርታ ትሆናለች። ነገሩ የተንጠለጠለው ያ ክፍል ማድ ቤት በመባሉ ላይ ነበር።

ጋሽ ተማም «የሐጂን ማድ ቤት ባዶውን ሥሪው፤ ጣሪያውንም በማጣበቂያ ድፈኚው» አሉኝ። ሰምቻለሁ። ግን ልለካ ስገባ እናትየው ሲባጎው ሲጎተት ሰምተው «ማነው?» አሉ። ነገርኳቸው። «አልጋዬንም ትሠሪዋለሽ?» አሉ። ከክብሪት ቀፎ ሠራሁት። አረንጓዴ ብርድ ልብሳቸውን ከአሮጌ ሹራቤ ክንድ ቆርጬ አለበስኩት። ክፍሏን እንዳለች ተሸክሜ ወስጄ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። በጣታቸው ዳሰሷት። «ይሄ በሩ ነው። ይሄ ግድግዳው ነው። ውይ! አልጋዬ!» አሉና እንደ ሕፃን ሳቁ፤ «እኔስ የታለሁ?» እትዬ ማርታም መጀመሪያ አብራ ሳቀች። ልወጣ ስል ግን በር ላይ ክንዴን ያዘችኝ፤ እጇ ከሳሙናው የተነሳ ተላልጦ ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሰሚ፣ አየችው፣ በቃት። አሁን አልጋውን አውጪልኝ» አለችኝ። «እሺ» አልኩ።

አላወጣሁትም። ማጣበቂያው ደርቆ ነበር፤ ብስበው ወለሉ ይቀደዳል። ይሄ ግን ሰበብ ነው። ጣሪያውን ለመድፈን አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ማጣበቂያውም ጣሳው ውስጥ ነበር።

የስብሰባው ቀን አሥራ ስድስቱን ችፑድ የሰፈሩ ሴቶች በጭንቅላታቸው ተሸከሙት። ሰፈራችን በራሱ ሰዎች አናት ላይ ተጭኖ ሾላ ገበያን በሰልፍ አቋረጠ። ተሸካሚዎቹ ሥራቸውን አቁመው አዩን። አንዱ «እናንተ፣ ሰፈሩን የት ልታሸሹት ነው?» ብሎ ጮኸ። እናቴ አንገቷን ሳታዞር «ጨረታ ላይ ነው፤ ትገዛለህ?» አለችው። እንደዚያ ቀን ስቃ አታውቅም። እኔ ከፊት ከፊት እሄዳለሁ፤ አዲስ ሹራብ ለብሻለሁ፤ እያንዳንዱ ሰው የሚያየው እኔን ይመስለኛል።

አዳራሹ ውስጥ ገጣጠምነው። ከክፍለ ከተማው የመጡት ሰዎች በእውነት ጎንበስ ብለው አዩት፤ ጋሽ ተማም እንዳሉት። በተለይ አንደኛው፣ መነጽር ያደረገ፣ ደረቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ ወጣት፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ዓይኑ እንደ ልጅ ነው የበራው። «ማነው የሠራው?» አለ። ጋሽ ተማም ወደኔ አመለከቱ። «ጣሪያው ይነሳል» አልኩት እኔ። ማንም አልጠየቀኝም። እኔ ነኝ ያልኩት። የአንዱን ቤት ጣሪያ አነሳ፣ ሳቀ፤ የሌላውን አነሳ። ጓደኞቹን ጠራ። ከቤት ቤት እያለ ሐጂ ግቢ ደረሰ። ያቺን ትንሽ ጣሪያ በሁለት ጣቱ ብድግ ሲያደርጋት እትዬ ማርታ ከኋላ ወንበር ላይ ተነስታ ቆመች። አየኋት። ሰውየው «እዩ እዩ፣ አልጋ እንኳን ሠርታለች! ብርድ ልብስ አለው!» አለ። እኔ ደስ አለኝ። ውሸት አልጽፍም፤ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ደስ ብሎኛል። ከዚያ ሰውየው የያዘውን ወረቀት አየ። እንደገና ክፍሏን አየ። «ሐጂ፣ ይሄ ማድ ቤት አይደል ያሉን?» አለ። ሐጂ ሳል ያዛቸው። «ማድ ቤት ውስጥ ማን ነው የሚተኛው?» አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ። ሰውየው ጣሪያዋን በጥንቃቄ መልሶ አስቀመጣት፣ እስክሪብቶ አወጣ፣ ጻፈ።

በሳምንቱ መጥተው አዩ። ክፍሉ ሕገ ወጥ ተባለ፤ እሷና እናቷ ከሐጂ መዝገብ ተሰረዙ። ሐጂም «በሐሰት አስመዝግበዋል» ተብለው ልጃቸው ስንት ቀን ደጅ ጠንቶ ነው የራሳቸው ቤት የተረፈላቸው። የሌሎቻችን ቤት ከመነሳቱ በፊት የነማርታ ክፍል ፈረሰ፤ ሁለት ሰው በግማሽ ሰዓት ጨረሰው። ጋሽ ተማም እትዬ ማርታ እቃዋን ወደምትጭንበት ሄደው ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። «ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ። ድፈኚው ማለት ነበረብኝ፣ ረሳሁ» አሏት። እኔ ከጀርባቸው ነበርኩ። አልረሱም። ብለውኛል። አፌን ከፍቼ «እኔ ነኝ» ማለት እችል ነበር፤ የሹራቤን እጅጌ ስመዝ ቆምኩ። እናትየውን በፍራሻቸው ላይ እንዳሉ ጋሪ ላይ አወጧቸው። እትዬ ማርታ ጋሽ ተማምን «ምንም አይደል» አለቻቸው፤ ወደኔ ግን አየች። ከዚያ ጋሪው ሽቅብ ወጣ።

ጋሽ ተማም ከዚያ በኋላ ወረቀት አልቆረጡም፤ ሰው የኬክ ካርቶን ሲጠይቃቸው «እጄ ዛለ» ይሉ ነበር። ስለ አልጋው አንድ ቃል አልተናገሩኝም፤ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። የወረቀቱን ሰፈር አዳራሹ ደጅ ላይ፣ ጣሪያው ሥር አስቀምጡት ተብለን ትተነው ነበር። ክረምቱ ገባ። ላየው ስሄድ ዱቄቱ ቦክቶ ግድግዳው ሁሉ ተከፍቷል፤ እያንዳንዱ ቤት እንደተገፈፈ ቆዳ ተዘርግቶ ተኝቷል፤ ገና ሳንሠራው ደብተር ላይ እንደሳልነው። እኛም ተበተንን፤ አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ደቡብ፣ የተቀራረበ ሁለት ቤተሰብ እንኳን የለም። ጋሽ ተማም ከከተማው ዳር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በማያውቁት ሰው መሀል ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ከሰፈሩ የመጣነው በጣት እንቆጠራለን። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት ስቀመጥ በእጃቸው ያስተማሩኝ ነገር ነው እንጀራ የሆነኝ፤ አሁን ሰው «የት ተማርሽው?» ሲለኝ «ከራሴ» እላለሁ።

መወልወያው እግሬ ሥር ደርሶ ቆመ።

«እንጦጦ ነን» አለች እትዬ ማርታ፤ ሳልጠይቃት። «ኪዳነ ምሕረት ጋ። ያኔ የወጣን እዚያው ቀረን። ብርዱ ለእናቴ አልሆነም፤ ያን ክረምት አልጨረሰችውም።»

«ነፍስ ይማር» አልኩ።

ካርቶኑን በአገጯ አመለከተች። «አሁንም ትሠሪያለሽ ማለት ነው። እዚያ ጥግ ያለውንም አንቺ ነሽ የሠራሽው? በየቀኑ አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ። ጣሪያው አይነሳም።»

«አይነሳም። ድፍን ነው የምሠራው።»

«ጋሽ ተማም እኔ ነኝ የረሳሁት ብለውኝ ነበር» አለች። «እኔ ግን አውጪልኝ ያልኩት እሳቸውን አይደለም። ይሄን ሁሉ ዓመት ልጅ ናት፣ ረስታው ነው እያልኩ ነው የኖርኩት። ረስተሽው ነው አይደል?»

«አልረሳሁትም።»

«እ?»

«አልረሳሁትም እትዬ ማርታ። ትቼው ነው። ሰው እንዲያየው ፈልጌ ነበር።»

ከመስታወቱ ጀርባ ስልክ ጮኸ፤ ማንም አላነሳውም። እትዬ ማርታ መወልወያውን ባልዲው ላይ አድርጋ ጨመቀችው፤ ውኃው ጠብ ማለት እስኪያቆም ድረስ ጨመቀችው።

«እናቴ እስክትሞት ለሚጠይቃት ሰው ሁሉ ስለሱ ታወራ ነበር» አለች። «ሰሚራ አልጋዬን ሠርታልኛለች፣ ብርድ ልብስ ሁሉ አለው እያለች። አልጋው ነው ያስወጣን ብዬ አልነገርኳትም።»

ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ቦርሳዬን አነሳሁ። የሚፈርምልኝ ሰው አልመጣም፤ አልጠበቅኩትም።

«ወለሉ አልደረቀም» አለችኝ ቀና ሳትል። «በዳር በዳር ሂጂ።»

ግድግዳውን ይዤ በዳር በዳር ሄድኩ፤ ደረጃው ጋ ስደርስ ወረድኩ።